ከእዝባሩ ወዲህ

የእናቴ ታላቅ እህት የአንድ እህል አስመጪ ድርጅት ታይፒስት ነበረች። ባልደረቦቿ «እትዬ ግልባጭ» ይሏታል። ያኔ የደብዳቤ ግልባጭ የሚወጣው በወረቀቶች መሃል ካርቦን እየገባ ነበርና የጣቶቿ ጫፍ እንደጠቆረ ይኖራል፤ በሳሙና ብትፈትገው ብትፈትገው አይለቅም። እናቴ «እታለም፣ ሊጡን እንዳትነኪብኝ» እያለች ትቀልድባት ነበር። ዛሬ ኢሜይል በላክሁ ቁጥር «ሲሲ» የሚለውን አያለሁ። የካርቦን ግልባጭ ማለት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን እነዚያ ጣቶች ይመጡብኛል።

በየደብዳቤው ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ በእዝባር የተከፈሉ ፊደላት ነበሩ። ምን እንደሆኑ አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ከእዝባሩ በፊት ያሉት የሥራ አስኪያጁ ስምና የአባቱ ስም መጀመሪያ ናቸው። ቃሉ የሱ ነዋ። ከእዝባሩ ወዲህ ያሉት የኔ ናቸው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ስህተት ሲገኝ ማን ሊጠራ ኖሯል? ጣቱ የማን ነው?»

ኋላ ኮምፒውተር ገባ፤ ሥራ አስኪያጁም ተለወጠ። አዲሱ «እትዬ፣ ይህን ነገር ይተዉት፤ ደብዳቤው የመኪና ታርጋ መሰለ እኮ» አላት። ተወችው። እራት ላይ ግን እህሉን ስትቆነጥር ቆይታ፣ «እንግዲህ ደብዳቤው ራሱን በራሱ የጻፈ ሊመስል ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዋ ማውራት ቀነሰች።

ጡረታ በወጣችበት ቀን ዕቃዋን ልሸከምላት ሄድኩ። ወጣቷ ጸሐፊ የስንብት ደብዳቤዋን አመጣችላት። አክስቴ ደብዳቤ የምታነበው ከግርጌው ጀምራ ነው። አየችና ወረቀቱን መለሰችላት።

«ማን ጻፈው?»

«ሥራ አስኪያጁ፣ እትዬ።»

«እሱማ ፈርሞበታል። የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትሽም፣ የኔ ልጅ። ግን አልቀበልሽም።»

ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ብቅ አለ። «ዛሬም ታርጋዎን ፈለጉ?» ብሎ ሳቀ።

«የኔንማ ትቻለሁ። የሷን ነው።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። እንደገና እንድትጽፈው ለልጅቷ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጣት።

አዲሱ ወረቀት ገና ሙቀቱ ሳይለቀው መጣ። ልጅቷ ከመስጠቷ በፊት ከእዝባሩ ወዲህ ያሉትን ፊደሎቿን ቆማ ስታያቸው ቆየች። አክስቴ ከግርጌው ጀምራ አነበበችው፤ ፈርማም ተቀበለች።

ደረጃውን ስንወርድ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «አሁን ሰው የጻፈልኝ ሆነ» አለችኝ።