አንድ ሶኬት

ትናንት ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ሆኖ፣ ጎረቤቴ የመኪናዋን ገመድ ይዛ ዋይትሆርን ሰፈር ያለውን ቤቴን አንኳኳች። የውጭ ሶኬቷ ተበላሽቷል፤ ጠዋት ሥራ ስላለባት የሞተር ማሞቂያዋን እኔ ጋ ልትሰካ ፈለገች። በዚህ ብርድ ሌሊቱን ሳይሰካ ያደረ መኪና ጠዋት አይነሳም። እኔም ያለኝ አንድ ሶኬት ነው፤ የራሴ መኪና ተሰክታበታለች።

የነዳጁ ሥራ በደራበትና የሚከራይ ቤት በጠፋበት ጊዜ፣ ማርቲንዴል ሰፈር በአከራያችን በጋሼ ተካ ምድር ቤት እንኖር ነበር። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በገና ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ልዘምር ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ስወጣ፣ የጋሼ መኪና አልነሳ አለች። ገመዷ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤታችን ግቢ ገብቷል። ማታ የራሳቸውን ነቅለው የሰውዬውን ፒክአፕ ሰክተውለት ነበር፤ እሱ በማለዳ ወደ ነዳጅ ጉድጓዱ ሄዷል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለትራፊክ ደውሎ የፓርኪንግ ቅጣት ያስቆረጠብዎት ሰውዬ ነው!»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ሺፍት ነበረበታ።»

«የእኔስ መዝሙር?»

የቀዘቀዘውን መሪ ለቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«‹ባልንጀራህን ውደድ› ነው የሚለው። ‹ደግ ከሆነ› የሚል እኔ አላየሁም፤ አንቺ ካየሽ አሳዪኝ።»

በአውቶቡስ ሄደን ስንደርስ መዝሙሬን ሌላ ልጅ እየጨረሰችው ነበር። ጋሼን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው።

ጎረቤቴ ገመዷን እንደያዘች መልሴን ትጠብቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ዋይትሆርን ጣቢያ ቆሜ ባቡር ጠበቅኩ።