የወንድሜ ሱሪ እና የእኔ ቀሚስ

በጦርነቱ ጊዜ፣ ታጣቂዎቹ ሀብሩ ወረዳ በገቡ ሰሞን እናቴ ጸጉሬን በመቀስ ከአንገቴ በላይ ቆረጠችው። የምንኖረው ከግራና ገበያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሽንኩርት በመስኖ ከሚለማበት መንደር ነበር። ከእኛ በታች ባለው ቀበሌ ሴቶች ልጆች መደፈራቸውን ሰምተናል። ወንድሜ ዓረብ አገር ስለነበር ልብሱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። እናቴ ሱሪውንና ጃኬቱን አወጣችና፣ «ልበሺ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድ ነሽ» አለችኝ።

እሷ ማስመሰል መስሏታል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሴትም ወንድም ነበርኩ። አንዳንድ ሰሞን እጄን ሒና ተቀብቼ ሰርግ ቤት ከሴቶቹ ጋር ስጨፍር የሚጎድለኝ ነገር የለም። ሌላ ሰሞን ደግሞ ጠዋት «አንቺ» ሲሉኝ ከኋላዬ የቆመ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል። ግማሽ በግማሽ አይደለም። በየተራው ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ ነኝ፤ አልፎ አልፎም ባንድ ላይ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ በምን ቃል እንደምናገረውም አላውቅም ነበር።

ሱሪውን ስለብስ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል ደስ ማለቱ አሳፈረኝ።

ብዙም ሳይቆይ ታጣቂዎቹ መንደሩን ከበው ወንድ የተባለውን ሁሉ ከየቤቱ አወጡ። ቁስለኛ የሚሸከምላቸው ይፈልጉ ነበር። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችኝ። ሴት ናት ብትል የፈራችው ይደርስብኛል፤ ዝም ብትል ይወስዱኛል። ዝም አለች።

ቃሬዛ የያዝኩት ከጎረቤታችን ጋር ነው። የሟች አባቴ ባልንጀራ ነበሩ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ያውቁኛል። «ከአጠገቤ እንዳትርቂ» አሉኝ በሹክሹክታ። በሲሪንቃ በኩል ዳገቱን ስንወጣ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ። ቃሬዛው ተዘቅዝቆ ቁስለኛው ጮኸ። አንዱ ጠባቂ መጥቶ ፊታቸውን በሰደፍ መታቸው። ጥርሳቸው ሲረግፍ አየሁ።

«ተዋቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አልኩት።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሰደፉን ጎኔ ላይ አሳረፈው፤ ከዚያ አንገቴ ላይ፤ ስወድቅ በጫማው ሆዴን ደጋግሞ ረገጠኝ። «ወንድ ከሆንክ ተነስ» ይለኛል በየመሀሉ። ሴት ነኝ ብል ዱላው ይቆም ይሆናል፤ ከዱላው በኋላ የሚመጣውን ግን አውቀዋለሁ። ደም እየተፋሁ ተነሳሁ። ጎረቤታችን ግን መነሳት አቃታቸው። ጠባቂው ጥቂት አየት አደረጋቸውና ደረታቸው ላይ ተኮሰባቸው። ሬሳቸውን ከመንገዱ ጎትተን ቃሬዛውን እንድናነሳ እኔንና ሌላ ተሸካሚ አዘዘን። አነሳን።

ሲለቁን በመጣንበት መንገድ ተመልሰን ሬሳውን አነሳንና ተሸክመን መንደር ገባን። በእኛ ዘንድ መቃብር የሚወርደው ወንድ ነው፤ ሴት ቤት ቀርታ ታለቅሳለች። ጎልማሶቹ ወይ ሸሽተዋል ወይ ከእኔ ብሰው ቆስለዋል። የመንደራችን ሸህ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ፊቴን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ።

«ትችላለህ?» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

«እችላለሁ።»

«በል ውረድ።»

ወረድኩ። የተሰበረው ጎኔ እየወጋኝ ጎረቤታችንን በክንዴ ተቀብዬ አስተኛኋቸው። ቤት ገብቼ ታጠብኩና ቀሚሴን ለብሼ ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ደረቴ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ያን ቀን ሁለቱንም የሆንኩት ለማንም ብዬ አልነበረም።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ እኚሁ ሴትዮና እኔ ማሽላ ልናስፈጭ መርሳ ሄድን። ሱሪ ለብሼ ነበር። ኬላ ላይ የቆሙት የአገራችን ወጣቶች መታወቂያዬን ጠየቁኝ። ሴት ይላል። አንደኛው ጃኬቴን ቀደደው። «ሰላይ ነሽ። ለምን ራስሽን ቀየርሽ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው በጥፊ አጮለኝ፤ ሌሎቹ በዱላ ተቀበሉኝ። በቋንቋዬ፣ በመንደሬ ዘዬ እየሰደቡ ነው የመቱኝ። ያ ከመጀመሪያው ዱላ ይልቅ አመመኝ። ክንዴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ።

ሴትዮዋ ጆንያቸውን ጥለው ላዬ ላይ ተጋደሙ። አንድ ዱላ ትከሻቸው ላይ አረፈ። «ባሌን የቀበረልኝ ሰው ነው» አሉ። «መግደል ካማራችሁ ከእኔ ጀምሩ።»

ልጆቹ ተያዩ። ዱላውን የሰነዘረው ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ ለቀቁን።

ክንዴን በነጠላቸው አስረውልኝ፣ የጣሉትን ጆንያ ተሸክመው ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቁኝ። «ቁርጡን ንገሪኝ እስቲ። ምንድን ነሽ?»

በቻልኩት ቃል ነገርኳቸው። ቆም ብለው የነጠላውን ቋጠሮ አጠበቁልኝ።

«ዛሬስ የትኛው ነህ?»

«ዛሬ ወንድ ነኝ።»

«እሺ። ክንድህ ደህና ቢሆን ይሄን ጆንያ አሸክምህ ነበር» አሉ፤ በዚያ ሁሉ ሕመም ሳቄ መጣ።

አሁን ወልድያ ነው የምኖረው፤ ልብስ እሰፋለሁ። ቀሚስም ሱሪም እለብሳለሁ፤ አንዳንድ ሰፈር ግን ብቻዬን አልሄድም። እናቴ ነገሩን አልተቀበለችውም። «ያ ዱላ ነው ጭንቅላትሽን የነካው» ትላለች። ከዱላው በፊትም እንዲሁ ነበርኩ ስላት ወሬ ትቀይራለች። ጁምዓ ጁምዓ ትደውልልኛለች። ድሮ «ደህና ነሽ?» ነበር የምትለው። አሁን አሁን «ደህና ነሽ»ንም «ደህና ነህ»ንም ትታዋለች። «ሰላም ነው?» ትለኛለች። «ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ» እላታለሁ።