የአስናቀውን ጋራዥ ያስዘጋው ሾፌር

ማናዬ የቢቸና ሚኒባስ ሾፌር ነው። የሞተር ዘይት የሚያስቀይረው ሞጣ፣ አብሮ አደጉ አስናቀው ጋራዥ ነበር። አምና ክረምት ሚስቱ ስሜነሽ ምጥ ጠንቶባት ወደ ደብረ ማርቆስ ይዟት ሲበር፣ መንገድ ላይ ሞተሩ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ቆመ። ሌላ መኪና እስኪገኝ ሕፃኑ አለፈ፤ እናቱ ግን ተረፈች።

ሞተሩ ሲፈታ የተገኘው አሮጌው የዘይት ማጣሪያ፣ ፊልትሮው፣ ነበር፤ ተደፍኖ ዘይት አላሳልፍ ብሏል። አስናቀው ላዩን አጥቦ፣ አዲስ ነው ብሎ መልሶ ገጥሞታል።

ማናዬ ዱላ አላነሳም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሾፌሮችን ግቢው እየጠራ፣ የአንዳቸው መኪና ስር ገብቶ ጥቁሩን ዘይት በሳፋ ያፈሳል፤ አዲሱን ፊልትሮ ዓይናቸው እያየ ከካርቶኑ አውጥቶ በእጁ ያጠብቃል።

«ይኸው ነው። ቤታችሁ ቀይሩ። አስናቀው ይህን ነፍጎ ነው ልጄን የገደለው» ይላቸዋል።

ሾፌሩ ሁሉ ከአስናቀው ጋራዥ ቀረ። በመጨረሻ አስናቀው ሽማግሌ ይዞ ቢቸና መጣ።

«ልጄ፣ ፈጣሪም ይምራል፤ አንተም ማር» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪጌታ ታደለ።

«እርስዎን አከብራለሁ፣ የኔታ። እሱ ግን ስሜነሽን ይጠይቃት።»

ስሜነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አስናቀው ጎንበስ ብሎ «እህቴ» ሲል፣ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ብዙ ሳይቆይ የሞጣው ጋራዥ ተዘጋ። አስናቀው ግንደወይን ሌላ ሊከፍት ነው ሲባል ማናዬ ሰማ። በቀጣዩ ቅዳሜ ገና በማለዳው ሚኒባሱን አስነስቶ ወደ ግንደወይን ነዳ፤ እዚያም ሾፌሮች አሉ።