የረድዋን የንፋስ ቦይ

ጎረቤቴ ረድዋን ራዲያተር ጠጋኝ ነው። ሞተሩ የፈላበት ሾፌር፣ ከኢታንግም ይምጣ ከኩሌ፣ ዞሮ ዞሮ ጋምቤላ ከተማ እሱ ደጃፍ ላይ ይቆማል። እኔና እሱ የምንጨቃጨቀው በአጎበር ነው። እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ሰው ከወባ እንዲድን አጎበር አድላለሁ። እሱ ደግሞ ያንኑ አጎበር ቀዶ፣ ሁለት እጥፍ አድርጎ፣ የሳር ፍሬ እንዳይደፍነው ብሎ የመኪና ራዲያተር ፊት ላይ ያስረዋል። ስቆጣው ይስቃል። ደግ ሰው ባይሆን ኖሮ እከሰው ነበር።

ኦቻላ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ሲሠራ ቆየ። ከተማው መጀመሪያ ሳቀበት፤ ክንፍ ስታወጣ ግን ሳቁን ተወ። ሞተሩ ከተገለበጠ ሱዙኪ የተፈታ ነው። ችግሩ ሙቀት ነበር። በጋምቤላ ሚያዝያ ቆሞ የሚያወራ ሰው እንኳ ይፈላል፤ ያ ሞተር አምስት ደቂቃም አይቆይም። ራዲያተሩ ከአውሮፕላኗ ሆድ ስር ተንጠልጥሎ ንፋሱ በግራ በቀኝ እያመለጠ ያልፈዋል። ንፋሱን ይዞ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያሳልፍ የላሜራ ቦይ ያስፈልግ ነበር፤ ኦቻላም ረድዋን ዘንድ መጣ።

ረድዋን እምቢ አለ። «መኪና ቢፈላ ሾፌሩ ወርዶ ዛፍ ስር ይቀመጣል። አንተ የት ልትወርድ ነው፣ መምህር?»

ሌላም ምክንያት ነበረው። በ1977 ከወሎ ከነቤተሰቡ ለሰፈራ ሲያመጡት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያመጡትም በአውሮፕላን ነው። ሰው በሰው ላይ ተጭኖ አየር አጥሮት እናቱ ጉያ ውስጥ ራሱን ሳተ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ አያይም።

ኦቻላ ሦስት ቀን እየተመላለሰ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን፣ «እሺ፣ እኔ ራሴ እሠራለሁ። የእኔ ሥራ ግን መጥፎ ነው፣ አንተ ታውቃለህ» አለው። ረድዋን ይሄን ሲሰማ ብድግ አለ። መቀሱን አንስቶ ተከተለው።

ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የቦዩን አፍ ጠበብ አድርጎ፣ ወደ ራዲያተሩ ሲጠጋ ቀስ እያለ እንዲሰፋ አደረገው፤ ንፋሱ ረጋ ብሎ በሁሉም ቦታ እንዲገባ ነው። ዙሪያውን በባጃጅ ጎማ ላስቲክ ደፈነ። «ንፋስ ሰነፍ ነው፤ ትንሽ ክፍተት ካገኘ በዚያው ይወጣል» ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ አንድ የሲቪል አቪዬሽን ባለሙያ ሊመጣ ቀጠሮ ተይዟል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ካልነካ፣ የሙከራ በረራ ይፈቅዳል። ከነካ ግን ዝናቡ እየመጣ ነው፤ ሰውየው እስከሚቀጥለው በጋ አይመለስም። ኮሌጁ ደግሞ የቆመችበትን አዳራሽ ስለሚፈልገው አውሮፕላኗ ተፈታትታ ትወጣለች። የአምስት ዓመት ልፋት በአንድ ቀስት ላይ ተንጠለጠለ።

ረቡዕ አውሮፕላኗን በገመድ ከማንጎ ዛፍ ጋር አስረው ሞከሯት። በሰባተኛው ደቂቃ እንፋሎቱ ተንፎለፎለ። ኦቻላ ሞተሩን አጥፍቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ረድዋን ላሜራውን ሊገነጥል መዶሻ አነሳ።

የረድዋን ሚስት ፍርዶስ ምሳ ይዛ የደረሰችው ያኔ ነው፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ጎንበስ ብላ የቦዩን አፍ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን አጎበር ምን ይሁን ብለህ ነው ያሰርከው?»

«ለሳር ፍሬው ነዋ!»

«ሰማይ ላይ ሳር አለ እንዴ?»

ረድዋን ሃያ ዓመት ሙሉ አጎበር ሳያስር ራዲያተር ገጥሞ አያውቅም፤ እጁ ሳያማክረው አስሮታል። ኦቻላም አላየው፣ እዚህ አገር አጎበር የሌለው መኪና የለምና። የአጎበሩ ጠበቃ ነኝ የምለው እኔም አላየሁትም፤ አፈርኩ።

ረድዋን ከፍርዶስ ሻሽ ላይ ክር መዝዞ ከራዲያተሩ በስተኋላ ለጠፈው። ሞተሩ በርዶ እንደገና ሲነሳ ክሩ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። አጎበሩን ቀዶ ሲጥለው ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ተወጠረ። «ወላሂ ገባ! ንፋሱ ገባ!» ብሎ ጮኸ። ምሳው እዚያው ቀዘቀዘ።

ሐሙስ ቀስቷ እስከ አሥራ አራተኛው ደቂቃ ድረስ ወጣች፤ ከዚያ ከቀዩ አንድ ጣት ዝቅ ብላ ቆመች። ባለሙያው ሃያው ደቂቃ እስኪሞላ ዓይኑን ከቀስቷ አላነሳም። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀ።

አውሮፕላኗ ኦቻላን ይዛ የተነሳችው ከአሥር ቀን በኋላ፣ ማለዳ ላይ ነው። በባሮ ወንዝ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረች። እኛ እየጮህን ወደ ላይ ስናይ ረድዋን መሬት መሬት እያየ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ያዳምጥ ነበር። ስታርፍ ሰው ሁሉ ወደ ኦቻላ ሮጠ። ረድዋን ግን ከሆዷ ስር ገብቶ፣ እጁን በቦዩ ውስጥ ሰድዶ መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አሳረፈ። እዚያው ተንበርክኮ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረ።

ኦቻላ ሕዝቡን ጥሶ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ወንድሜ፣ አቃጠለህ?»

«አላቃጠለኝም» አለ ረድዋን፣ እጁን ሳያነሳ። «አላቃጠለኝም እኮ ነው የምልህ!»