የጠፉት የክርስትና ስሞች

እታገኝ መሐል ሜዳ ከመናኸሪያው በላይ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረቻት። ማመልከቻ ትጽፋለች፤ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ነው፤ ኢንተርኔት እሷ ዘንድ አልደረሰም። የጸረ ቫይረሱ ማደሻ በየወሩ ከደብረ ብርሃን በፍላሽ ይመጣላትና ራሷ ትጭነዋለች።

በዚያ ክረምት ቄስ መርስዔ ኃዘን ከቀየት በኩል እየመጡ ያስጽፏት ጀመር። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። የሚያስጽፏት በሰባ ሰባቱ ረሀብ ፍትሐት ሳይደረግላቸው የተቀበሩ የንስሐ ልጆቻቸውን ስም ነበር። አገሬው የሚያውቀው የቤት ስማቸውን ነው፤ የክርስትና ስማቸውን የያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። "ወልደ ሚካኤል፣ ከነልጁ። ወለተ ማርያም፣ የአበረ ሚስት" ይሉና ቀጣዩን እስኪያስታውሱ እታገኝ ትጠብቃለች። በስድስት ሳምንት አራት መቶ ስድስት ስም ሞላ። ሲያልቅ በአንድ ላይ አትመዋለሁ ብላ አንድም ገጽ ወረቀት ላይ አላወጣችም።

የዚያ ወር ማደሻ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ለመጫን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የተማሪ ምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ደግሞ ሰው ተሰልፏል። ኮምፒውተሩ ቀይ ምልክት እያሳየ ሲያስታውሳት "ነገ" እያለች ትዘጋዋለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ፎቶ ሊያሳትም የመጣ ሰው የሰጣትን ፍላሽ ሰካች፤ ፍላሹ ቫይረስ ነበረበት። ከሰዓት በኋላ የቄሱን ጽሑፍ ስትከፍተው በስሞቹ ፋንታ የማይነበብ ምልክት ሞልቶታል። ኮምፒውተሩን ደብረ ብርሃን ድረስ ይዛ ሄደች፤ የሚመልስላት አላገኘችም።

ቄሱ ሲመጡ አልዋሸቻቸውም።

"አባ፣ ስሞቹ ጠፍተውብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መከላከያውን ማደስ ሲገባኝ ዛሬ ነገ ስል ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ቄሱም "ተቀመጪ ልጄ፤ ከመጀመሪያው እንነሣ" አሏት።

ከዚያ ወዲያ የዕለቱን በዕለቱ ታትም ጀመር። ግን አዛውንቱ ደክመዋል፤ አንዱን ስም ሁለቴ ይጠሩታል፣ ሌላው ይጠፋባቸዋል። ሦስት መቶ ሊሞላ ሲል ታመው ተኙ። ቤታቸው ሄዳ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ሃያ ስም ያህል በእጇ ጻፈች። ኅዳር ላይ ዐረፉ።

እታገኝ የጎደሉትን ስሞች በየሰንበቱ በየመንደሩ እየዞረች ጠየቀች። የብዙዎቹ የክርስትና ስም አልተገኘም። የቄሱን ደብር አስተዳዳሪ "የቤት ስማቸውን ልጻፈው ወይ?" ብትላቸው "ጻፊው፤ እግዚአብሔር አይሳሳታቸውም" አሏት። ከአራት መቶ ስድስቱ አሥራ ዘጠኙ ግን የቤት ስማቸውም ስላልታወቀ ባዶ መስመር ተተወላቸው። ዝርዝሩ በጸሎተ ሙታን ሲነበብ እታገኝ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ሰማች።

ኢንተርኔት ሲገባላት ማደሱን ለኮምፒውተሩ ለራሱ ተወችለት። በኋላ መስመሩ ሁለት ሳምንት ተቋርጦ ሳለ ምንም ሳይታደስ መክረሙን አየች። ከዚያ ጀምሮ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ታያለች፤ የሰው ፍላሽ በጸረ ቫይረሱ ሳታስፈትሽ አትከፍትም። ደንበኛ "ምን ያዘገይሻል?" ብሎ ቢቆጣም ፍተሻው እስኪያልቅ ትጠብቃለች።