የእትዬ ዘነበች ጉርሻ

ወሬውን የሰማሁት ከቅዳሴ መልስ፣ ቴርሚኒ ጣቢያ አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። እዚሁ ሮም ተወልዳ ያደገችው የክርስትና ልጄ ሄለን ስልኳን አስጠጋችኝና «እማማ፣ ይሄ አባ ጉም የናንተ አገር ሽፍታ አይደል? ፊልም ሠሩለት። ኬ ቤሎ፣ እንዴት ደስ ይላል፣ በስተርጅና ፍቅር ይዞት!» አለችኝ።

መነጽሬን አደረግሁ። አንድ ሽበታም ሰውዬ ገበታ ፊት ተቀምጧል፤ አንዲት ሽበታም ሴት እየሳቀች ታጎርሰዋለች። የሴትዮዋ ስም ዘነበች ነው። ስሟን እንኳ አልቀየሩላትም። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርንም።

እትዬ ዘነበች አሳዳጊ አክስቴ ነበረች። አባ ጉም ደግሞ፣ ያ ስንት የተዘፈነለት ጀግና፣ ባሏን ከገበያ ሲመለስ ለአንዲት በቅሎ ብሎ የገደለባት ሰው ነው።

ሰውዬው ሸብቶ፣ ምሕረት ተደርጎለት ከቆላ የወጣው የአክስቴ ልጆች ጠመንጃ ለማንሳት ሲደርሱ ነበር። ጥቅምት ነው፤ መንገዱ ገና አልደረቀም። የባቄላ እሸት ስፈለፍል ሽማግሌዎችና ቄሱ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው መጡ። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ደጃችን ጭቃ ላይ ተንበረከከ።

«ስለ እግዚአብሔር ብለሽ» አለ።

አክስቴ ከቤት ወጥታ ፊቱ ቆመች። የእሸቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

«ልጆቼ ደም ሲቃቡ እንዳይኖሩ ብዬ ነው» አለችው። «ላንተ ብዬ አይደለም። ተነሣ።»

ገበታ ቀረበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በይ ልጄ፣ አጉርሺውና ዕርቁ ይጽና። እኛም እኮ ርቦናል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አጎረሰችው። ወጡ እስከ ክንዷ ወረደ። ከዚያ ታጠበች፣ ወደ ጓሮ ዞረችና አንጀቷ እስኪወጣ አስታወከች። ግንባሯን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

«ማንም እንዳይሰማ፤ ዕርቁ ይፈርሳል» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነበር። ልጆቿ በሰላም ወልደው ከበዱ፣ እሷ መነኮሰች። ከዚያ ሰው ጋር ዳግም አንድ ገበታ አልቀረበችም።

ይህን ሁሉ ለሄለን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነገርኳት። «ማ ዳይ፣ ተይ እንጂ እማማ፣ ፊልም እኮ ነው» አለችኝ መጀመሪያ። ፊልም መሆኑን መች አጣሁት? ግን ይቅርታ ምን ጎደለውና ነው ፍቅር የጨመሩበት? ብትወደው ኖሮ ማጉረሱ ምን ይከብዳት ነበር? ስለ ልጆቿና ስለ ክርስቶስ ብላ የዋጠችውን መራራ ነገር ማር ቀቡት፤ እሷ ደግሞ ከመቃብር ተነሥታ አትከራከራቸውም።

ሄለን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «አሎራ፣ እሺ፣ ካንቺ ሌላ ያየ ሰው አለ?» አለችኝ።

አለ እንጂ። ያን ቀን ደጃችን የነበራችሁ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ የሰጣችሁ፣ ጓሮውን አላያችሁም፤ ስለሱ መስክሩ አልላችሁም። ፊቷን ግን አይታችኋል። ልጆቻችሁ ያንን ፊልም ሲከፍቱ አጠገባቸው ተቀመጡና ይህችን ብቻ ንገሩልኝ፦ ዘነበች ስታጎርሰው አልሳቀችም። የሳቃችሁት እናንተ ናችሁ።