አልጋ ሥር የተደበቀው ዘነዘና

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ፣ ቤት ስጠርግ አልጋ ሥር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። አንድ ጊዜ ዘነዘናችንን እዚያ ደብቆት ነበር።

ካዛንቺስ ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ግቢ ስንኖር ነው። እሱ የፋርማሲ አስተማሪ ነበር። ሳርስ የተባለው በሽታ በሩቅ አገር በተነሳበት ዓመት፣ ስለ መድኃኒቱ በባልደረቦቹ ፊት ንግግር እንዲያደርግ ጠየቁት። ዓይን አፋር ስለነበር እህል አልወርድለት አለ።

"ሳርስን የሚያመጣው፣ ኮሮና የሚባለው የቫይረስ ዘር ጓዙን ይዞ አይመጣም" ይለኝ ነበር። "ሴላችን ውስጥ ገብቶ በእኛው ፕሮቲኖች ነው የሚራባው። አንዱን ፕሮቲን ለጥቂት ቀን የሚያስር መድኃኒት ቢገኝስ?"

አንድ ባልደረባው ግን "የራሳችንን ሴል ልትመታ? በሽተኛውን ገድለህ ልታድነው!" ብሎ ስቆበታል። ያንኑ በሰው ፊት ቢደግምብኝ ምን እመልሳለሁ እያለ ተጨነቀ።

አንድ ዕቃ ሲጎድል ቤቱ እንዴት እንደሚውል ለማየት ነው ዘነዘናውን የደበቀው። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። ዘነዘናውን ሳጣው ነጭ ሽንኩርቱን በቢላ ከትፌ ወጤን ሠራሁ። የረሳው ነገር፣ ግቢው በሙሉ የሚወቅጠው በእኛ ዘነዘና መሆኑን ነው።

የወሎዋ ጎረቤታችን ልጇን ልትድር ደርሳ ነበርና መጣች።

"ዘነዘናውን አምጪ እንጂ!"

"ጠፋብኝ እኮ።"

"ወላሂ፣ አንድ ጆንያ በርበሬ በቢላ ልክተፈው?"

ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰ። አልጋ ሥር ገብቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዘነዘናውን ይዞ ወጣ።

"ጋሼ! እርስዎ ነዎት ሌባው?"

"ይቅርታ እህቴ። ግን መልሱን አገኘሁት! ለእኛ ለአንድ ድስት ወጥ ቢላም ይበቃል። ደጋሽ ግን ያለ ዘነዘና መላ የለውም። ቫይረሱም ደጋሽ ነው፤ በጆንያ ነው የሚራባው።"

"እኔን ነው ቫይረስ ያሉኝ?"

በንግግሩ ቀን ያ ባልደረባው እንደተፈራው ጥያቄውን ደገመ። ባለቤቴ የዘነዘናውን ታሪክ ነገራቸው። "ድስቱን ብደብቅ ኖሮ እኛም ጦም እናድር ነበር" አለ። "የትኛው ፕሮቲን ዘነዘና፣ የትኛው ድስት እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው ሥራው፤ ገና ብዙ ይቀረናል።" አዳራሹ ሳቀ፤ በእሱ ላይ ግን አልነበረም። ያን ዕለት ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ምሳ አለ?" ብሎ ገባ።

ሰርጉ ላይ ጎረቤታችን ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ካሠራችው ድስት ጨልፋ ሰሃኑን ሞላችለት።

"ይብሉ ጋሼ" አለችው፣ "ቫይረሷ ናት የጋበዘችዎት።"

እሱም ጠርጎ በላ። ሲበላ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።